ፀሐይዋ የት ነበረች?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ፤ ፀሐይ ከግቢዬ ምሥራቃዊ አጥር ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብላ። ሰዓቱን ከነፀሐይዋ የምጽፈው ለጌጥ አይደለም። ፀሐይ ያልተጠቀሰችበት አንድ ሰዓት በአንዲት ሴት ሕይወት ላይ ያመጣውን ስለማውቅ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱው ነው።

በዚያች ደቂቃ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ዶክተር ሕይወት ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በፊት በጡረታ እስክሰናበት ድረስ በሶዶ በሠራሁበት ሆስፒታል የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ክፍልን የምትመራው ሐኪም።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ? ከእንቅልፍ ቀሰቀስሁዎት መሰለኝ።»

«በሦስት ሰዓት የሚተኛ ጡረተኛ ካየሽ ሐኪም ጥሪለት። ምን ገጠመሽ?»

«የድሮውን የናሙና መዝገብ ይዤ ነው። በጠርዙ ላይ በእርስዎ እጅ የተጻፈ ነገር አለ። ቃሉ ይነበባል፣ ትርጉሙ ግን አልገባንም። ‹ሁለት ሰዓት፤ ፀሐይዋ አልተጠየቀችም› ይላል። አብሮን የሚሠራው ማርቆስ ግጥም ነው ብሎ ድርቅ ብሏል።»

«የማን ናሙና ነው?» አልሁ፤ መልሱን ግን ከመጠየቄ በፊት አውቄው ነበር።

«የመምህርት ታደለች፤ የቦምቤዋ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጡት ካንሰር የታከመችው። ጀርባዋን አሟት ተመልሳ መጥታለች። በሽታው አከርካሪዋ ውስጥ ገብቷል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

«ግጥም አይደለም፤ ጥፋት ነው። እመጣለሁ» አልኋት።

እንዴት ጥፋት እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል። ባዮሎጂ የተማርሁት ከአንድ ወረዳ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነው። ስመረቅ ተመራማሪ እሆናለሁ የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ የደረሰኝ የምደባ ደብዳቤ ግን ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ዲምቱ ጤና ጣቢያ የሚል ሆነ። እዚያ የወባ ደም መረመርሁ። ደም በመስታወት ላይ ሲዘረጋ ከሥሩ የተቀመጠ ጋዜጣ መነበብ አለበት፤ ካልተነበበ ወፍሯል፣ ከመጠን በላይ ከጠራም ሳስቷል። አለቃዬ ጋዜጣ ስለማይገዛ የጤና ሚኒስቴርን ሰርኩላር እያነጠፍሁ እሠራ ነበር፤ በዚያ ሰበብ ሰርኩላሮቹን በቃሌ ያዝኋቸው። ቀጥሎ ወደ ቤሌ ተዛወርሁና የአክታ ምርመራ ያዝሁ። ስለ ደመወዙ የምለው ብዙ የለም፤ ከወር ወር አደረሰኝ። ስለ ወረቀቱም ሁሉ ነገር በሦስት ቅጂ ይጻፍ እንደነበር መናገር ይበቃል። ሥራን ሥራ ብዬ የተማርሁት ወደ ሶዶ ተዛውሬ በጋሽ ጌታነህ እጅ ከወደቅሁ በኋላ ነው።

ጋሽ ጌታነህ አያቱ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ ወላይትኛን እንደ እኛው የሚናገር፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ነበር። ክፍሉ ከኦፕራሲዮን የሚወጣ ሥጋ ተቀብሎ ሐኪም በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ቀጭን ቅጠል እስኪሆን ድረስ ያዘጋጃል። ሥጋው በመጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፤ ፎርማሊን እንዳይበሰብስ ባለበት ያጸናዋል። ከዚያ ውኃው በአልኮል ይወጣል፣ በመጨረሻም በቀለጠ ሰም ተሞልቶ እንደ ትንሽ ጡብ ይጋገራል። ይህን ጡብ ብሎክ እንለዋለን። ከብሎኩ በምላጭ የሚላጠው ቅጠል ከሽንኩርት ገለፈት እጅግ የቀጠነ ነው። በሰም የተያዘ ሥጋ በደረቅ ሣጥን ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ከእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች አንዱ ብቻ ሊታረም አይችልም፤ እሱም የመጀመሪያው ነው። ፎርማሊን ያልጠገበ ሥጋ አልኮል ከገባ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ ጋሽ ጌታነህ ጠርሙስ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ በሩ ላይ ያቆመዋል።

«ፀሐይዋ የት ነበረች?» ይላል።

አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረች ነርስ ግራ ገብቷት «ምን አሉኝ?» አለችው።

«ሥጋው ከሰው ገላ ሲወጣ ፀሐይዋ የት ነበረች? በምሥራቅ? አናትሽ ላይ? ወይስ ወደ ቤቷ ስትሄድ?»

«ጋሽ ጌታነህ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል እኮ መስኮት የለውም!»

«እንግዲያው ሂጂና መስኮት ያለው ሰው ጠይቂ።»

ሄዳ ጠይቃ ተመለሰች። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ከበስተኋላው ከባድ ቁምነገር ነበረው። የእኛ ሰዓት ከንጋት ይቆጠራል፣ የፈረንጁ ከእኩለ ሌሊት፤ በመካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ። በሆስፒታል ውስጥ ሁለቱ ሰዓቶች በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። ዘበኛውና አስታማሚው በእኛ ይቆጥራሉ፤ ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለታተመ አንዱ ሐኪም በፈረንጁ ይሞላዋል፣ ሌላው በእኛ። ወረቀቱ ላይ የሚቀመጠው ቁጥር ግን አንድ ነው። የጡት ሥጋ በፎርማሊን ውስጥ ሊቆይ የሚገባው ዝቅተኛ ጊዜ ደግሞ፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ስድስት ሰዓት ነው። እንግዲህ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል የተሳሳተ ሰው ትንሽ አይሳሳትም፤ ያለውን ሁሉ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ልማዱ ወረቀቱን ካነበበ በኋላም አለማመን ነበር። ዕጢውን በምላጭ ለሁለት ይከፍልና መሐሉን ያያል። የጸና ሥጋ ግራጫ ነው፤ ያልጸናው ሮዝ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንቴ ምላጩን እያቀበለኝ እንዲህ አለኝ።

«አንተ ዲምቴ፣ እናትህ ቦይና፣ ይኸን ጎደሬ የምንለውን፣ ስትቀቅል መብሰሉን በምን ታውቃለች?»

«በስንጥር ትወጋዋለች።»

«ዳሩ በስሎ መሐሉ ጥሬ የሆነውን ብትበላውስ?»

«ጉሮሮ ያሳክካል።»

«ይኸም ያው ነው። ልዩነቱ፣ የሚያሳክከው የሌላ ሰው ጉሮሮ ነው፤ አንተ አትሰማውም።»

ሦስተኛው ልማዱ ግማሹን ማስቀረት ነበር። ዕጢው ለመከፈል የሚበቃ ከሆነ አንዱን ክፋይ በዕለቱ ወደ ሰም ያስገባና ብሎኩን «ሀ» ይለዋል። ሌላውን ፎርማሊን ውስጥ ያሳድርና በማግሥቱ «ለ» ብሎ ይሠራዋል። አለቆች ሰም ማባከን ነው እያሉ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቀውታል። ማስጠንቀቂያዎቹን በመሳቢያው ውስጥ ለብሎክ ማስደገፊያ አደረጋቸው።

እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፣ የታደለች ጠርሙስ በመጣ ጊዜ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ያመጣው ተላላኪ ለሌላ ሥራ ይቻኮል ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በቅጹ ላይ፣ ሥጋው ፎርማሊን የገባበት ሰዓት በሚለው መስመር፣ 2:00 ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ነገር የለም። የጻፈው በሌላ አገር ሠልጥኖ መጥቶ ለጥቂት ዓመታት በውል ከእኛ ጋር የሠራ ቀዶ ሐኪም ነው፤ እጁ እጅግ የተመሰገነ ነበር። ሁለት ሰዓትን ጠዋት ብዬ አነበብሁ፤ ስለዚህ በእኔ ስሌት ሥጋው ሰባት ሰዓት ቆይቷል። ከፈልሁት። መሐሉ ሮዝ ነበር።

ይህን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም። ሮዝ መሆኑን አይቻለሁ። ዓይኔ ያየውን ወረቀቱ አስተባበለኝ፤ «ደም ቋጥሮ ይሆናል» አልሁ። ብሎኮችን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መኪና በማግሥቱ ጠዋት ይነሳ ነበር፤ አለቃዬም ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ «አልደረሰም?» ብሎኛል። ተላላኪውን ተከትዬ ሄጄ ፀሐይዋ የት እንደነበረች ብጠይቅ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድብኝም ነበር። አልጠየቅሁም። ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ሥጋውን ወደ አልኮል አስገባሁት። ልማድ ሆኖብኝ ግን ግማሹን አስቀርቼ በማግሥቱ «ለ»ን ሠራሁ።

«ሀ» አዲስ አበባ ተመርምሮ «የሆርሞን ተቀባይ የለም» የሚል ውጤት መጣ። ተቀባይ ማለት በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች አስኳል ውስጥ የሚገኝና የሴትን ሆርሞን የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ካለ፣ በየቀኑ የሚዋጥ አንድ ኪኒን ካንሰሩን ለዓመታት ሊያስታግሰው ይችላል። ከሌለ ኪኒኑ አይታዘዝም። ለታደለችም አልታዘዘም። ሌላውን ሕክምና ሁሉ ጨርሳ ወደ ተማሪዎቿ ተመለሰች።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከምሳ መልስ ጠርሙስ ልቀበል ራሴ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ወረድሁ። ያው ቀዶ ሐኪም ዓይኔ እያየ ቅጹን ሞላና 2:00 ብሎ ጻፈ። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ስምንትን ያሳይ ነበር። የእሱ ሁለት ሰዓት የእኛ ስምንት ሰዓት ነው ማለት ነው። በማግሥቱ የድሮውን መዝገብ ገልጬ የታደለችን መስመር ሳገኝ ሮዙ ቀለም ተመልሶ ዓይኔ ላይ መጣ። ሥጋዋ ፎርማሊን ውስጥ የቆየው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን ለመጠየቅ ሁለት ቀን ቃል ስመርጥ ውሉ አልቆ ከተማውን ለቀቀ። ወደ አለቃዬ ገባሁ።

«‹ለ›ን እንላክ» አልሁት።

«ሴትዮዋ ታመመች እንዴ?»

«አልታመመችም።»

«ታዲያ ደህናውን ሰው ለምን ታስደነግጣለህ? ደግሞ ሁለት ሰዓቱ ጠዋት ቢሆንስ?»

መልሱን ተቀበልሁ፤ የተቀበልሁት ትክክል ስለሆነ ሳይሆን ስለጣመኝ ነው። በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ያችን ዐረፍተ ነገር ጻፍሁና ዘጋሁት። በሚቀጥለው ዓመት በጊፋታ ሰሞን፣ ቦምቤ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ መንገድ ላይ አገኘኋት። ሆስፒታል ስትመላለስ ታውቀኝ ስለነበር ቆማ ሰላም አለችኝ። ፊቷ ሞልቶ፣ ድምፅዋ የመምህር ድምፅ ሆኖ ነበር። መልካም አዲስ ዓመት ብዬ አለፍሁ።

እንግዲህ ዶክተር ሕይወት ስትደውል የጠበቀኝ ይህ ነበር።

ሆስፒታሉ ስደርስ የቀድሞው ዕቃ ማከማቻችን የምርምር ክፍል ሆኖ አገኘሁት። በበሩ ላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ሥራቸውን ያሳዩባቸው ትልልቅ ወረቀቶች ተለጥፈዋል፦ አንዱ ስለ ሒሳብ፣ አንዱ ስለ ቁሳቁስ ሳይንስ፣ ሌሎቹ ስለ ሴል፣ ስለ ሮቦትና ስለ ካንሰር። በእኔ ዘመን እነዚህ አጥር ለአጥር እየኖሩ ሰላም የማይባባሉ ጎረቤቶች ነበሩ። አሁን አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው ይጨቃጨቃሉ። ሰም በምን ቅዝቃዜ እንደሚሰነጠቅ አንድ ሰው ለክቶ ግራፍ አውጥቶለታል፤ እኔ ያን በጣቴ ጫፍ ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ግራፉን ቆሜ አየሁት፤ ጣቴና ግራፉ ይስማማሉ።

ጠረጴዛው ላይ ተማሪዎች ከአሮጌ ማተሚያ ዕቃ የሠሩት የሮቦት ክንድ መስታወቶችን አንድ በአንድ እያነሳ ከካሜራ ሥር ያኖራል። እያየሁት አንዱን ጣለው።

«ይህ ሰውዬ ቁርስ አልበላም» አልሁ።

«ጋሼ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ እኮ ነው፣ ይታገሡት» አለኝ ማርቆስ። ማርቆስ የሒሳብ መምህር ነው፤ ኮምፒውተሩ መስታወቱን እንዲያነብ ያስተማረው እሱ ነው።

«ሴል አስተምረኸዋል?»

«እኔ ራሴ ሴል አላውቅም! ጠርዝ ነው ያስተማርሁት። የእያንዳንዱ አስኳል ጠርዝ ምን ያህል እንደሚጠማዘዝ፣ ከጎረቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል። ከዚያ ተነስቶ ተቀባይ ይኑረው አይኑረው ይገምታል።»

ዶክተር ሕይወት ነገሩን አስረዳችኝ። ታደለች ተመልሳ ስትመጣ የድሮው ውጤት ዶክተሯን አላሳመናትም። ተቀባይ የሌለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት አይታገስም፤ የሚመለስ ከሆነ ቶሎ ይመለሳል። ከአከርካሪዋ አዲስ ናሙና ማውጣት አደገኛ ነው። ቢወጣም አጥንት በአሲድ ሳይለሰልስ አይቆረጥም፤ አሲዱ ደግሞ የሚፈለገውን ተቀባይ ያበላሻል። ስለዚህ የድሮውን የ«ሀ» መስታወት ለኮምፒውተሩ ሰጠችው፤ እሱም አወላወለ። ኪኒኑን ለመጀመር ወይም ወደ ከባዱ መድኃኒት ለመሄድ እስከ ሰኞ ዶክተሯ መወሰን አለባት፤ የታደለች ጉልበት ከባዱን ዳግመኛ ላይችለው ይችላል።

«ማወላወሉን አሳዩኝ» አልሁ።

ማርቆስ በስክሪኑ ላይ የሥጋውን ምስል አወጣ። ኮምፒውተሩ «አለ» ብሎ የገመተበት ቦታ ቀይ፣ «የለም» ያለበት ሰማያዊ ተቀብቷል። ዳሩ ዙሪያውን ቀይ ነው፤ መሐሉ ሰማያዊ።

«ዕጢው ሁለት ዓይነት ሴል አለው ብለን ነው የገመትነው» አለ ማርቆስ።

መነጽሬን አወለቅሁና መልሼ አደረግሁት። ከዚያ ሳላስበው በእናቴ ቤት ድምፅ «ቦይና!» ብዬ ጮህሁ።

«ምን አሉ?» አለች ዶክተር ሕይወት።

«ቀዩ ስፋቱ በሁሉም በኩል እኩል ነው። ዕጢ እንዲህ በልክ አይከፈልም። ከውጭ ወደ ውስጥ በእኩል ስፋት የሚገባ ፈሳሽ ነው። ዳሩ በስሏል፣ መሐሉ ጥሬ ነው። የአዲስ አበባውን ውጤት እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢው እስቲ።»

ፈልጋ አነበበችው። ከታች በትንሽ ፊደል «በዳር በኩል ደካማ ቀለም ታይቷል፤ አይቆጠርም» ይላል። የዳር ቀለም ብዙ ጊዜ የማቅለም እንከን ስለሆነ መተዉ ያነበበው ሰው ጥፋት አይደለም፤ ደንቡ ያዛል። የተሰጠው ሥጋ ያልጸና መሆኑን የሚነግረው አልነበረም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

የመዝገቡን ጠርዝ ታሪክ ከነሮዙ ቀለም፣ ከነዝምታዬ ነገርኋቸው። ማርቆስ ቀና ብሎ አላየኝም። ዶክተር ሕይወት ግን ወዲያው «‹ለ› የት ነው?» አለችኝ።

በሦስተኛው ሣጥን፣ ጋሽ ጌታነህ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹን ባስደገፈበት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሰሙ በአንድ ጥጉ ብቻ ተፍቋል። አንድ ሙሉ ቀን ፎርማሊን የጠገበ ሥጋ ነው።

«ማን ይቁረጠው?» አለች።

«ክንዱ ቁርስ እስኪበላ እኔ ልቁረጠው» አልሁ።

ብሎኩን በረዶ ላይ አስተኛሁት። ምላጩን ቀየርሁ፤ ያገለገለ ምላጭ በቅጠሉ ላይ መስመር ይጥላል። የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ጣልሁና ብሎኩ ላይ በስሱ ተነፈስሁበት፤ ደረቅ ሰም ትንፋሽ ሲነካው መበጣጠሱን ይተዋል። ቅጠሉ ሳይጨማደድ እንደ ሪባን ወረደልኝ፣ ለብ ባለው ውኃ ላይም ተዘረጋ። አንዷን ጭማዳ በብሩሽ ጫፍ አቃናኋት። ከዚያ ቅጠሉን በመስታወት አንስቼ እንዲደርቅ አቆምሁት።

የተቀባይ ምርመራው አሁን ለምርምሩ በመጣው ማቅለሚያ እዚያው ይሠራል። ዓርብ፣ ኅዳር 5 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተር ሕይወት ከማይክሮስኮፑ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። በመጀመሪያ ተቀባይ እንዳለው የታወቀውን ማመሳከሪያ መስታወት አየሁ፤ እንደሚገባው ቡናማ ሆኗል። ከዚያ የታደለችን አየሁ። አስኳሎቹ ከዳር እስከ መሐል እንደ ተልባ ፍሬ ቡናማ ነበሩ። ተቀባይ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ» አልሁ።

«ውጤቱን እኔ እነግራታለሁ፤ ግዴታዬ ነው። የቀረውን እርስዎ ይንገሯት።»

ሰኞ ጠዋት ታደለች ጀርባዋን በእጇ ደግፋ ገባች። ከጎኗ ታናሽ እህቷ አለች።

«ሳሮ ጋሼ» ብላ በወላይትኛ ሰላም አለችኝ። «እርስዎም ታመው ነው?»

ዶክተር ሕይወት ውጤቱን ነገረቻት። ቀጥሎ እኔ ሁሉንም ነገርኋት፦ ቁጥሩን፣ ያልጠየቅሁትን የፀሐይዋን ጥያቄ፣ ሮዙን፣ መሳቢያውን፣ የጊፋታውን መንገድ። ቃሎቼን ሦስት ቀን ሳዘጋጅ ከርሜ ነበር፤ የተዘጋጁት ቃሎች ግን አንዳቸውም አልወጡልኝም። ታደለች የተማሪ ደብተር እንደምታርም ሆና ሰማችኝ።

«ያኔ መንገድ ላይ ስንገናኝ» አለች በመጨረሻ፣ «ፊትዎ ፈተና የደበቀ ተማሪ ፊት ነበር። ይህ ሰውዬ ምን ነካው ብዬ እቤት ድረስ አስቤያለሁ። ብጠይቅዎት ኖሮስ?»

«አላውቅም» አልሁ። እውነቱ ይህ ነበር።

«ተናድጃለሁ ጋሼ። ይቅርታው ዛሬ የሚሆን አይመስለኝም፤ ሌላ ቀን እናየዋለን።» ወደ ዶክተሯ ዞረች። «አሁን ኪኒኑ እንዴት ነው የሚዋጠው?»

«በቀን አንድ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት። ለምሳሌ በሁለት ሰዓት።»

ታደለች እኔን እያየች «ፀሐይዋ የት ሆና?» አለች።

እህቷ ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ዶክተር ሕይወት። ታደለች ሳቁ ጀርባዋን ስላሳመማት «ኧረ አታስቁኝ!» እያለች እሷም ሳቀች። እኔ መሳቅ የሚገባኝ ስላልመሰለኝ መስኮቱን አየሁ። ፀሐይዋ በምሥራቅ በኩል፣ ከግቢው የብሳና ዛፍ በላይ ነበረች።

«እዚያ ሆና» ብዬ አሳየኋት።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ሰኞ ሦስት ወር ቆይቼ ነው። ታደለች ያለ ድጋፍ ትሄዳለች፤ ከአምስት ቀን ሦስቱን ታስተምራለች። በመጨረሻው ምርመራዋ በአጥንቷ ላይ አዲስ ነገር አልታየም። የክፍሉ ቅጽም ተቀይሯል፤ ከሰዓቱ መስመር ጎን «ፀሐይዋ፦ በምሥራቅ፣ አናት ላይ፣ በምዕራብ፣ ገብታለች» የሚል ታትሟል፤ ምልክት ያልተደረገበትን ጠርሙስ አይቀበሉም። ማርቆስም ዳሩ ቀይ መሐሉ ሰማያዊ የሆነ ምስል ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከመገመት እንዲቆጠብና ሰው እንዲጠራ አድርጎታል። ያን የፕሮግራሙን ክፍል «ቦይና» ብሎ ሰይሞታል፤ ለዩኒቨርሲቲው ባቀረበው ጽሑፍም አልቀየረውም። ረቡዕ ረቡዕ እየሄድሁ የድሮ ብሎኮችን አብሬያቸው አያለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ተመራማሪ መሆን እፈልግ ነበር።

ሳይፈታ የቀረውን ልመዝግብ። ኪኒኑ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታዝዞ ቢሆን በሽታው አይመለስም ነበር ወይ የሚለውን ዶክተር ሕይወትም ኮምፒውተሩም ሊነግሩኝ አልቻሉም። ያ ቀዶ ሐኪም የፈረመባቸው፣ ትንሽ ከመሆናቸው የተነሳ «ለ» ያልወጣላቸው አምስት ናሙናዎች አሉ፤ ከባለቤቶቻቸው ሁለቱን አግኝተናል፣ ሦስቱን እየፈለግን ነው። ሐኪሙ ያለበትን አላወቅሁም፤ ስለዚህ በዚያ ቅጽ ላይ 2:00 ብሎ ሲጽፍ ፀሐይዋ የት እንደነበረች ከራሱ አፍ አልሰማሁም። ታደለችም ይቅር የምትለኝ ቀን ገና አልደረሰም።